«ዘፈኑ በጂ ነው» ያለው ማነው?

ባለፈው ጥር ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቤዝመንት ብሉግራስ ልንጫወት ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ሁለት ጊታር፣ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው የሚያህል ቤዝ። ተራዬ ደረሰና ዘፈኔን ጠርቼ «በዲ እዘፍነዋለሁ» አልኩ፤ ዲ የዜማው መነሻ ድምፅ፣ ማለትም ኪው ነው። ባንጆ ተጫዋቹ ሰባ ዓመት የሚሆነው ደግ ሰውዬ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ይሄ ዘፈን እኮ በጂ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያሰበልኝ መስሎት ነው። እኔም ሰው ማስቸገር ስለማልወድ እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ ድምፄ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። አዝማቹ ጋ ስንደርስ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭኑ እስኪደገም) ዘልዬ ላድነው ብል ጮኽኩ እንጂ አልዘፈንኩም። ሰዉ በጨዋነት አጨበጨበልኝ። ያቺን ጭብጨባ የሚያውቃት ያውቃታል።

ብሉግራስን ለማታውቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1911 ኬንታኪ የተወለደው ማንዶሊን ተጫዋች ቢል ሞንሮ «ብሉ ግራስ ቦይስ» በተባለው ባንዱ የጀመረው፣ በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክረግስ ባንጆውን ይዞ ሲቀላቀለው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘ የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ነው። ዋሽንግተንና ባልቲሞር አካባቢ የበረታው ከአፓላቺያን ተራሮች ሥራ ፍለጋ በወረዱ ሰዎች ነው። በዚህ በዚህ ከእኛ ከሐበሾቹ ብዙም አይርቁም። ጃም የሚባለው ደግሞ ልምምድም ኮንሰርትም ያልሆነ ስብስብ ነው። ክብ ተሠርቶ ተራ በተራ ይዘፈናል፤ ተራው የደረሰ ሰው ዘፈኑንና ኪውን ይናገራል፣ ሌላው ይከተላል። ደንቡ እንዲህ ነው። በተግባር ግን ኪውን ሸክላው ነው የሚመርጠው። መጀመሪያ ያስቀረጸው ወንድ በጂ ስለዘፈነው ብቻ ዘፈኑ «የጂ» ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ ሰው ነገሩን ማስረዳት ይቀላል። ትዝታ ትዝታነቱን ሳይለቅ ከፍም ዝቅም ተደርጎ ይዘፈናል። ቅኝቱ ያው ነው፤ የተቀየረው መነሻው ነው፣ ኪ የምንለውም ያንን ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው በጉሮሮው ልክ ነው። ክራር መቺም ዘፋኙን ሰምቶ ክሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች እንኳ ዘፋኝ ሲቀየር አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይቀጥላል። «ይሄ ትዝታ በጂ ነው» ብሎ ዘፋኝ የሚያርም ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጂ ለምን ነገሠ? ባንጆ ላይ ምንም ሳትነኩ አምስቱን ክሮች ብትመቱ የጂ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ የጂ ድምፆች) ነው የሚወጣው። ጊታርም በጂ ሲጫወቱት ክፍት ክሮቹ (ጣት ያላረፈባቸው) ያስተጋባሉ፣ ደስ ይላል። አልክድም። ግን ጉሮሮ ክፍት ክር የለውም። የአንድ ወንድ ዜማ በጂ ከታችኛው ዲ ተነስቶ ላይኛው ዲ ድረስ ይወጣል እንበል። እኔ እዚያው እሱ ያለበት ቦታ ልዝፈን ብል ታችኛው ዲ ለእኔ ጉድጓድ ነው። አንድ ኦክታቭ ከፍ ልበል ብል ጫፉ ጣሪያ ይነካል። መሀል ላይ ተንጠልጥዬ እቀራለሁ። ወደ ዲ ሲሻገር ግን ያው ዜማ ከኤ እስከ ኤ ይሆንልኛል፤ ያ ደግሞ ቤቴ ነው። ብዙ ሴቶች የወንዱን ዘፈን ከጂ ቆጥረው ወደ አራተኛው ወይም አምስተኛው ኖታ አንስተው ሲ ወይም ዲ ላይ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያውን ማንቀሳቀስ ያን ያህል ከባድ ነው? ጊታሩ ካፖ አለው፤ አንገቱ ላይ የምትታሰር መቆንጠጫ ናት፣ ጣት የለመደውን ሳይለቅ ድምፁ ከፍ ይላል። ማንዶሊን ተጫዋቹ ያለ ካፖም የጣቶቹን ቅርፅ ይዞ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ባንጆ ነው ጣጣ ያለው። አምስተኛዋ ክር አጭር ናት፣ የምትጀምረው ከአምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዱ) ስለሆነ ካፖው አይደርስባትም። ተጫዋቾቹ መላ አላጡም፤ ለመጫወቻ ባቡር ሐዲድ የሚሠሩ ጥቃቅን ሚስማሮች አንገቱ ላይ ይመቱና ክሯን ከሥራቸው ይሸጉጧታል። ቆጥሬያለሁ፣ አሥር ሰከንድ አይሞላም።

በእውነት የሚለፋው ቫዮሊኑ ነው። በቢ ሲዘፈን ከአራቱ ክፍት ክሮቹ በስኬሉ (በኪው ኖታዎች ዝርዝር) ውስጥ የምትገኘው ኢ ብቻ ናት። አስቂኙ ነገር ታዲያ ቢ የሴቶች ቅብጠት አለመሆኑ ነው። ሞንሮ ራሱ ቀጭን ድምፁ እንዲያበራ ዘፈኖቹን ቢ እና ቢ ፍላት (ከቢ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ላይ ይሰቅላቸው ነበር፤ ቫዮሊን ተጫዋቾቹም ላባቸውን ጠርገው ተከተሉት። «ባህሉ ጂ ነው» የሚል ሰው ባህሉን የጀመረውን ሰውዬ ረስቶታል። ዘፋኞቹ ሄዘል ዲከንስና አሊስ ጄራርድም እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ሴት በብሉግራስ ፊት ቆማ ስትዘፍን ብርቅ ነበር። ዛሬ ብርቅ አይደለም፣ ኪውን ግን ገና እንለምናለን።

ዘፋኙም ዕዳ አለበት። «እስቲ የሚሆነውን እናያለን» ብሎ ክብ ውስጥ መግባት የሰው ጊዜ መብላት ነው። ኪ የሚፈለገው በመጀመሪያዋ ኖታ ሳይሆን በዘፈኑ ከፍተኛ ኖታ ነው። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ የመረጡት ኪ ደግሞ ያታልላል፤ በለሆሳስ ስለዘፈኑት ዝቅ ያለ ይሆናል፣ ባንጆ ሲነሳበት አይሰማም። እኔ ቤት ያገኘሁትን አንድ ድምፅ ከፍ አድርጌ ነው የምሄደው። ጀማሪ በበዛበት ክብ ኢ ፍላት የሚጠራ ሰውም አይመቸኝም። ግማሽ ድምፅ ወርዶ ዲ ቢል ጉሮሮው አይሞትም፣ ካፖ ላይ የሚርመሰመሰውም ሰው ያርፋል። ከዲ ወደ ጂ ውረጂ ማለት ግን ሌላ ዘፈን ዝፈኚ ማለት ነው። ግጥም የሌላቸው የቫዮሊን ዜማዎች ላይ እኔም ዝም እላለሁ፤ እዚያ ኪውን የሚወስነው መሣሪያው ነው፣ ተገቢም ነው።

መጋቢት ላይ ወደዚያው ቤዝመንት ተመለስኩ። በጫጫታ መሀል ኪ በጣት ይነገራል፤ ወደ ላይ የተቀሰሩት ጣቶች በኪው ውስጥ ያሉት የሻርፖቹ (ግማሽ ድምፅ ከፍ የተደረጉት ኖታዎች) ቁጥር ናቸው፣ ጂ አንድ፣ ዲ ሁለት፣ ኤ ሦስት። ያንኑ ዘፈን ጠራሁና አፌን ሳልከፍት ሁለት ጣት አነሳሁ። ሰውዬው ጣቶቼን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ አጠበቀ፣ አጭሯን ክር ከሚስማሯ ሥር ሸጎጠና «መግቢያውን ማን ይጫወታል?» እያለ ወደ ቫዮሊኑ ዞረ።