ከቡችላው በፊት ሠራተኛዋን ጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ መግዛት ቀላል ነው። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ዋጋው በውስጥ መስመር ይነገራል፣ በማግስቱ በካርቶን ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክርም የታወቀ ነው፤ የፈረንጅ ይሁን ወይስ የሐበሻ፣ ወንድ ይሁን ወይስ ሴት፣ ስሙስ ማን ይባል? ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባልና ሚስት ሥራ ልጆች ትምህርት ቤት ሆነው ሳለ፣ ሳሎን ላይ ሲሸና ማን ይወለውላል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ግቢ ካለ ደግሞ ዘበኛው ያግዛት ይሆናል። ስለ ቡችላው ሐሳባቸውን ያልተጠየቁትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ደመወዟ ላይ ምንም ሳይጨመር፣ ሌሊት የሚያላዝን፣ ጫማ የሚያኝክና በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት ያለበት ፍጡር ሥራዋ ላይ ይጨመራል። ውሻ ከደጅ በማያልፍበት ቤት ያደገች ከሆነች፣ ሶፋ ላይ ተኝቶ ማየቱ ራሱ ይቀፋታል። ሶላት የምትሰግድ ከሆነች ምራቁ የነካው ልብስ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ የአሠሪ ምቾት ነው።

እሷ እሺ ካላለች ቤታችሁ ለቡችላ አልተዘጋጀም ባይ ነኝ። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ደግሞ ሰውን መልመድ ወይም መፍራት የሚማርበት ነው። ከዚያ ውስጥ እናንተ ቤት የሚያሳልፈውን አብዛኛውን ሰዓት የሚውለው ከእሷ ጋር ነው። በመጥረጊያ እየተባረረ ያደገ ቡችላ ሰው የሚፈራ ውሻ ይሆናል፤ ከፍርሃት የተነሳ የሚናከስ ውሻም ብዙ ነው።

«ለጥበቃ ነው» የሚሉም አሉ። የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ በአካልም በጠባይም እስኪጎለምስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ እስከዚያ የሚጠበቀው እሱ ነው። ሲያድግ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። በዚህ መሃል ኪራይ ይጨምራል፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይወጣል፣ አዲሱ አከራይ «ውሻ አልፈልግም» ይላል። ጥበቃ ለሚፈልግ ሰው ጠባዩ የታወቀ፣ የተከተበ፣ ያደገ ውሻ ይሻለዋል። ሴት ሆና ስለተገኘች ብቻ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተከትታ የምትጣለውን ቡችላማ ሁላችንም ሰፈራችን አይተናታል። በሐኪም ማስመከን እያለ!

ምግቡ ሌላ ጉዳይ ነው። «ከኛ የተረፈውን ይበላል» ይባላል። ከኛ የሚተርፈው ግን ሽሮና ወጥ ነው፣ ሁለቱም ያለ ሽንኩርት አይሠሩም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ስለዚህ ለብቻው ሊበሰልለት ነው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን፣ ሥጋ በማይገባበት ማድ ቤት ውስጥ፣ ለውሻ ሥጋ የሚቀቅለው ማን ነው? አሁንም እሷ። በበዓል ዕርድ ጊዜ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው፤ ውሃ በቋጠረው ከረጢት ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ፣ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጉበትና ሳንባ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት።

ፓርቮ የተባለውን፣ ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድል የቫይረስ በሽታ የሚከላከለው ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ እስከ ዐሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። የሆድ ትል መድኃኒትም አለ። ቀጠሮውን የምታስታውሰውና መድኃኒቱን የምታጎርሰው እሷ ከሆነች፣ ሐኪሙ ዘንድም አብራችሁ ውሰዷት።

ስትጠይቋት የደመወዝ ጭማሪውን አብራችሁ ንገሯት። እምቢ ብትል ቅር እንደማትሰኙባትም እንዲሁ፤ ካልሆነ «እሺ» ያለችው ፈርታ ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማ ትወቅ፦ ቡችላው ቢነክሳት ወይም ቢቧጭራት ወዲያው እንድትናገር፣ ወጪውም የእናንተ እንደሆነ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ዐሥራ አምስት ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ ግን ያድናል። ከሥራ እባረራለሁ ብላ የምትፈራ ልጅ ቁስሏን በነጠላዋ ሸፍና ዝም ልትል ትችላለች።