ሽምብራው የእኛ፣ ጥናቱ የዳካ

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ስለ ጤና ምርምር በጀት በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት እስካሁን ያንገበግበኛል። በአንጀታችን ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ማለትም ለማይክሮባዮም ጥናት ገንዘብ ማውጣት የሀብታም አገር ቅንጦት ነው አሉ። እኛ መጀመሪያ መቀንጨርን፣ ማለትም ልጆች በምግብ እጥረት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች መቅረቱን እናጥፋ አሉ። ተጨበጨበላቸውም።

ምሳሌ አጥተው ነው መቀንጨርን ያነሡት? ይህ ጥናት የሚያስፈልገው ለእሱው አይደል? ልጅ የበላውን ሁሉ ብቻውን አይፈጨውም። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያግዙታል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ ባክቴሪያዎቹም ከዕድሜው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ሕፃናት ላይ ታይቷል።

የዳካ ሰዎች በዚህ አላበቁም። መጠነኛ የምግብ እጥረት ያለባቸውን የድሃ ሰፈር ሕፃናት ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ የተለመደውን አልሚ ምግብ ሰጡ። ለቀሩት ደግሞ የተጎዱትን ባክቴሪያዎች እንዲያነሣ ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ምግብ። ከምን የተሠራ? ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ካልበሰለ ሙዝ። የዚህኛው ካሎሪ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት ግን በሦስት ወር ውስጥ በክብደት የበለጡት እሱን የበሉት ልጆች ናቸው።

ሽምብራ! ፎገራና ደምቢያ ላይ መሬቱ ባቆየው እርጥበት የሚበቅለው ሽምብራ። እሸቱን መንገድ ላይ እየፈለፈልን የምንበላው ሽምብራ። ለውዙም ሙዙም ከገበያችን አይጠፋም። የጠፋው የእኛን ልጆች ሰገራ መርምሮ የትኛው ባክቴሪያ እንደጎደላቸው፣ የትኛው እህል እንደሚያነሣው የሚነግረን ሰው ነው። ደግሞስ ዳካ የሀብታም ከተማ ናት እንዴ? እናቶቻችን ልጅ ሲያስቀምጠው የሚበጠብጡት ኦአርኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 በኮሌራ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ፍቱንነቱ የታየው እዚያው ዳካ ነው። ያኔ ቅንጦት ነው ተብሎ ቢተው ኖሮ ስንት ልጅ እንቀብር ነበር?

ውጪዎቹ ያጥኑት፣ እኛ ውጤቱን እንወስዳለን ያሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ለሁሉም ክፍት በሆኑ የመረጃ ቋቶች ያሉትን የሰው ማይክሮባዮም ናሙናዎች ቆጥሯል። አገራቸው ከታወቀው ከ71 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡ ናቸው። እዚያ ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ማነው? ጠዋት ማታ በእርሾ የቦካ እንጀራ የሚበላስ? የእነሱ ሆድ ስለ እኛ ሆድ ሁሉንም አይነግረንም።

ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ይቅደም ለሚለው አልከራከርም። ይህን ጥናት መከልከል ግን አንድ ሜትር ቧንቧ አይዘረጋም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃልኪዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 መቀንጨርን አጠፋለሁ ይላል። በየትኛው አዲስ ዕውቀት? እኔ የምጠይቀው ናሙና የሚያቆይ ማቀዝቀዣ፣ ጥቂት ባለሙያዎችና ከፎገራ እስከ ዘጌ ልጆችን ከውልደታቸው ጀምሮ ለመከታተል የሚበቃ የሦስት ዓመት በጀት ነው። ኃላፊው ይህን እንኳ አልሰጥም ካሉ በግልጽ ይበሉን። በቀነጨሩት ልጆች ስም ግን አይከልክሉን።