የባቢሌን ዝሆን በጠመንጃ ብቻ አናድነውም

ሐረር የመጣ እንግዳ ማታ ጅብ ሲበላ ሳያይ አይመለስም። ፎቶ ያነሳል፣ ቪዲዮ ይለጥፋል፣ ይሄዳል። ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀጥል ግን ባቢሌ ይደርስ ነበር። ባቢሌ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ኦቾሎኒው ወይ ወደ ማዕድን ውሃው ይሮጣል። ዝሆን ትዝ የሚለው ጥቂት ነው፤ እዚሁ ተወልደን ካደግነው መካከል እንኳ።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተቋቋመው። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሁላችንም ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናቋርጠው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ባቢሌ ከዘጠኝ አዋሽ በላይ ነው ማለት ነው። ከኦሮሚያ እስከ ሶማሌ ክልል ይዘረጋል። በውስጡ የጎበሌ፣ የኤረርና የዳካታ ሸለቆዎች አሉ። ዝሆኖቹ ከሌሎቹ የኢትዮጵያ ዝሆኖች ተነጥለው ለብቻቸው የቀሩ ናቸው። አንዲት ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች፣ ከዚያም ለቀጣዩ ልጅ ዓመታት ትቆያለች። አንዷ ስትሞት ጉዳቱ በቀላሉ አይተካም።

ዝሆን ተገደለ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር መልሳችን አንድ ነው፦ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) ይጨመር፣ መሣሪያ ይሰጣቸው። አልቃወምም። በዚያ ሐሩር፣ በትንሽ ደመወዝ የሚዞሩት ስካውቶች ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ሰባት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ላይ የትኛው ስካውት የት ይቁም? በየትኛው ወር? ዝሆኖቹ ወቅት እየጠበቁ ከሸለቆ ሸለቆ ይዘዋወራሉ። መንገዳቸውን የማያውቅ ጠባቂ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቁጥቋጦ ሲጠብቅ ሊከርም ይችላል። ይህን ጥያቄ ጠመንጃ አይመልሰውም፣ ጥናት ነው የሚመልሰው።

ጥናት ስል ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው አይታያችሁ። ብዙው ሥራ ፋንድያ መቁጠር ነው። በቁጥቋጦ ውስጥ ዝሆንን በዓይን ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ቀጥ ያለ መስመር ይዘው ይራመዳሉ። ያገኙትን የፋንድያ ክምር ይቆጥራሉ፣ ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅም ይለካሉ። አንድ ዝሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጥልና አንዱ ክምር ስንት ቀን ሳይፈርስ እንደሚቆይ ከታወቀ፣ የዝሆኑን ቁጥር መገመት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝናብና ጢንዚዛ ባለበት ፋንድያ ቶሎ ይፈርሳል፤ በደረቅ ቆላ ይደርቅና ይሰነብታል። ከመካከለኛው አፍሪካ ደን የተለካውን ቁጥር ወስዶ ባቢሌ ላይ ቢያባዙት ውጤቱ ከንቱ ነው። ልኬቱ እዚሁ መሠራት አለበት፣ እዚህ በሚኖር ሰው።

ያው ፋንድያ ሲበተን ዝሆኑ የበላውን ይናገራል። የባቢሌ ዝሆኖች በለስ የሚያፈራውን ቁልቋል እንደሚበሉ የታወቀውም በጥናት ነው። ይሄ ነገሩን ያወሳስበዋል። ቁልቋሉ ከአሜሪካ የመጣ ባዕድ ተክል ነው፤ የአካባቢውን እጽዋት እየገፋ ይስፋፋል። «ይነቀል» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በድርቅ ጊዜ ዝሆኑ የሚበላው እሱን ከሆነ፣ ነቅለን ስንጨርስ ወዴት ይሄዳል? ወደ ማሽላውና ወደ በቆሎው ነው የሚሄደው። በሌላ በኩል ዝሆኑ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየሄደበት ይጥላል፤ ራሱ አስፋፊ ነው። ምን ያህሉ ይነቀል፣ የቱ ጋ ይተው የሚለውን አንድ ስብሰባ ላይ እጅ በማውጣት አንወስነውም።

«ሰው ተርቦ የምን ፋንድያ ቆጠራ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማሽላውን ሲጠብቅ ያደረ ገበሬ ሲጠይቀው ደግሞ የበለጠ ተገቢ ነው። ግን ጥናት ገንዘብ የሚያድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ባሌን እንይ። እዚያ ቀይ ቀበሮዎችን በጅምላ የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚመጣውም ከእረኞች ውሾች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ወረርሽኝ ሲነሳ ሁሉንም እየያዙ መከተብ አይታሰብም ነበር። ዓመታት የተጠራቀመው የመንጋዎቹ መረጃ ግን መንገድ አሳየ። አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት ከተከተቡ፣ ከግማሽ በታች ተከትቦም ትልቁን እልቂት ማስቆም ይቻላል። ማን የት እንደሚኖር ቀድሞ ባይመዘገብ ኖሮ ይሄ አይታወቅም ነበር።

ስለ ጅባችንም የሚነገረን ነገር አለ። በመቀሌ ዙሪያ የተሠራ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብ እንደሚያጸዱ ገምቷል፤ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ እንዳይዛመት ይረዳሉ። የጀጎል ሰው ለጅብ በግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ የተወለት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረር የራሷን ቶን ብትመዝን ደስ ይለኛል።

ከሌላ አገር መኮረጅም ያሰጋል። ኬንያ ውስጥ ዝሆን ንብ እንደሚፈራ ከታወቀ በኋላ የንብ ቀፎ በሽቦ እያያያዙ ማሳ ማጠር ተጀመረ። ቀፎው ሲነካ ንቡ ይወጣል፣ ዝሆኑ ይሸሻል፣ ገበሬው ማር ይሸጣል። ሰምቶ «ነገውኑ እናምጣው» የማይል የለም፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን የእነሱው የረጅም ዓመት ክትትል ድርቅ ሲጠና ቀፎዎቹ ባዶ እንደሚቀሩና አጥሩ እንደሚዳከም አሳይቷል። ባቢሌ ደግሞ ድርቅ የማያጣት ቆላ ናት። በጥቂት ማሳ ላይ፣ ቢያንስ አንድ ክፉ ዓመት እስኪያልፍ ሞክሮ ማየት ይሻላል። ፕሮጀክት ሲመጣ ግን ማን ይታገሣል? ሪባኑ ተቆርጦ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ቀፎው ውስጥ ንብ ይኑር አይኑር የሚጠይቅ አይገኝም።

ቅሬታዬ ወዲህ ነው። በአገራችን ብዙ ጥናት ይሠራል፤ አብዛኛው ለመመረቂያ ይቀርብና መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ መቶ ገጽ የሚሆን ወረቀት ነው። የተጠናው ቀበሌ ሊቀመንበር አያየውም። ስካውቱ አያየውም። ለተማሪው የዝሆኑን መንገድ ያሳዩት፣ ውሃ ያጠጡት፣ ሲመሽበት ያሳደሩት የኤረር አባቶችም «ያ ልጅ የት ደረሰ?» እያሉ ይቀራሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ይመጣል። ሕዝቡ ቢሰለች አይፈረድበትም።

ምሥራቁ የተማረ ሰው አላጣም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ባለችው ኤረር ጎታ (ከባቢሌው ኤረር ጋር እንዳትምታታ) ሃንስ ኩመር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሃማድሪያስ የሚባለውን ዝንጀሮ ተከታትሎ፣ ቤተሰብ እየመሠረተ በገደል ላይ በብዛት እንደሚያድር ለዓለም አሳወቀ። እኛ ቤት ያለውን እንግዳ መጥቶ ካጠናው ስድሳ ዓመት አለፈ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። በባቢሌ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ጥናት ፈቃድ ሲሰጠው፣ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ እንዲያስረክብ ይገደድ። የዝሆኑ መንገድ በካርታ ላይ ይሰመርና ለእርሻ መሬት የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተማሪው ውጤቱን በሚያቀርብበት ቀን ደግሞ አንድ ስካውትና አንድ የኤረር ገበሬ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ይጠይቁት። ወጪው የሚኒባስ ደርሶ መልስና ምሳ ነው።