ሙዝ ላይ የተገኘች ጥጥ

ከውጭ የመጣው ሙዝ ገና ከፌስታሉ ሳይወጣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። አንዱ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ሌላው ፎቶ አንስቶ ለዘመድ አዝማድ በቴሌግራም ይበትናል። ሙዙን ጠጋ ብሎ የሚያይ ግን የለም። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነውና ነጯ ነጥብ ሳይመሽ «የብራዚል ገዳይ ሸረሪት» ትሆናለች።

እስቲ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኳት። እንደ ዱቄት ከረገፈች፣ ስትጨፈለቅም ካረጠበች፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥጥ መሳይ ተባይ ናት። ግራጫ አቧራ ከሆነች ሻጋታ ነው። የሸረሪት እንቁላል ከረጢት ግን ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ነው፤ ሲነካ ይለጠጣል እንጂ አይረግፍም። የየትኛዋ ሸረሪት እንደሆነ ከከረጢቱ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ጎረቤት ግን በር ላይ ቆሞ ይለያል፣ ያውም ከነአገሯ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት፣ በሙዝና በሌላ ጭነት ሰሜን አሜሪካ ገብተው ለባለሙያ የተላኩ 135 ሸረሪቶችን ቆጥሮ ነበር። «የብራዚል ገዳይ ሸረሪት» የምትባለው የዝነኛዋ የፎኑትሪያ ወገን የሆኑት 7 ብቻ ናቸው። በብዛት የተገኙት ሰው የማይጎዱ ነበሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ እባቡንም ያየ የለም።

ከዚያ የመድኃኒት ዓይነት ይዘንባል። በረኪና የሚያፈስ አለ፤ የተሸመነው ድር ፈሳሹን ስለሚከላከል የሚበላሸው ሙዙ ነው። በረኪናው ላይ ኮምጣጤ የሚጨምር ደግሞ በሚወጣው ጋዝ ከሸረሪቷ በፊት ቤተሰቡን ያስላል። በቫኪዩም የሚስብም ከረጢቱን ከነነፍሱ ወደ አቧራው ማጠራቀሚያ አዛወረው እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም።

የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ጓንት አጥልቆ፣ ሙዙን ሳያራግፉ ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ ማስገባት፣ አየሩን አስወጥቶ መዝጋት፣ በሌላ ፌስታል መድገም። ሁለት መሆኑ የሚፈለፈሉት በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ነው። ከዚያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ 3 ቀን፤ ቅዝቃዜው እስከ ዘለላው ውስጥ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ተራው ፍሪጅ አይበቃም። ሙዝ በ13 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነው ባሕር የሚሻገረው፤ ያንን የቻለ እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ጉዞው የቀጠለ ይመስለዋል።

ዋናው ነገር ግን ይረሳል። እንቁላል አይነክስም፤ እናት አለችው። ካርቶኑንና የዘለላውን ስንጥቅ በባትሪ ማየት ይገባል። ከተገኘች ብርጭቆ መድፋት፣ ከሥር ወፈር ያለ ወረቀት ማንሸራተት። ከነከሰችም በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ፣ ፈጥኖ ሐኪም ቤት መሄድ። ምላጭ ይዞ የመጣውን ጎረቤት አመስግኖ መሸኘት ነው፤ መብጣትም፣ መምጠጥም፣ አጥብቆ ማሰርም ጉዳት ያክላል።

በ3ኛው ቀን ፌስታሉ ሳይከፈት ወደ ቆሻሻ ሲያመራ ከሳሎን ድምፅ ይሰማል፦ «ሙዙ ተልጦ አይበላም እንዴ?» ያ ወንበር ላይ የወጣው ነው።