ገዢው «ክፈቱ» ብለዋል፤ የእኔ ክፍል ግን ገና ነው

አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ውስጥ አንዲት ትንሽ የማሳጅ ክፍል አለችኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የአንሶላ መደርደሪያ ከገባባት በኋላ የቀረው ቦታ እኔ ቆሜ የምዞርባት ብቻ ነው። መስኮት የላትም። እናቴ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «ወጌሻ ናት» ትላለች፤ እኔም አላርማትም። በኮሮና ምክንያት ክፍሏን የቆለፍኩት በማርች 2020 ነው። ይህን ስጽፍ የዚያው ዓመት ጁላይ ሊያልቅ ነው። ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ሕጉ ዝጊ አይለኝም። የጆርጂያው ገዢ ብራያን ኬምፕ ኤፕሪል 20 ቀን መግለጫ ሰጡ። ጂሞች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ጥፍር ቤቶች፣ ንቅሳት ቤቶች፣ የቦውሊንግ አዳራሾችና የማሳጅ ባለሙያዎች ከኤፕሪል 24 ጀምሮ መክፈት ይችላሉ አሉ። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ገና በሥራ ላይ ነበር። ዋይት ሐውስ ከጥቂት ቀናት በፊት ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከመክፈት በፊት የታማሚው ቁጥር ለ14 ቀናት እየወረደ መሄድ አለበት ይል ነበር። የአትላንታ ከንቲባ ኪሻ ላንስ ባተምስ ተቃወሙ። ይከፈት ይከፈት ሲሉ የነበሩት ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንኳ በዚህ ውሳኔ እንደማይስማሙ ተናገሩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የሚውለው ወንድማችን «ተከፍቷል አሉ እኮ፣ መቼ ልምጣ?» ይላል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው የሆነ፣ ስኳር ያለባቸው እማማ ደግሞ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ትከሻዬ እንጨት ሆነ እኮ። እጅሽ መቼ ነው የሚደርስልኝ?» ይሉኛል። እምቢ ማለት ከባድ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ሳንሳሳም ሰላም መባባል እንደ ኩርፊያ ለሚቆጠርብን ሰዎች «አትምጡ» ማለት «ጠረጠርኳችሁ» ማለት ይመስላል። «እኔንም ትፈሪኛለሽ?» ያለችኝ ጓደኛዬ አለች። አንቺን አይደለም የምፈራው። ራሴንም እፈራለሁ። ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ አንድና ሁለት ቀን በፊት ይተላለፋል። በር ላይ ሙቀት መለካት እነዚያን ቀናት አይዝም። እኔው ተሸክሜው ለእማማ ልሰጣቸው እችላለሁ።

ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። ገዢው የከፈቱት ግዛቱን ነው። የእኔን ክፍል አየር ግን አላዩትም።

አብረውኝ የሠለጠኑ ልጆች ሰሞኑን የሚልኩልኝ የስፕሪንግፊልድ፣ ሚዙሪን ታሪክ ነው። በሜይ ወር ሁለት ፀጉር ሠሪዎች ምልክት እየታየባቸው 139 ደንበኞችን አስተናገዱ። በኋላ ሁለቱም ኮሮና እንዳለባቸው ታወቀ። ሠሪዎቹም ደንበኞቹም ማስክ አድርገው ነበር። ከደንበኞቹ 67ቱ ተመረመሩ፤ አንድም ሰው አልተገኘበትም። ከሠሪዎቹ የአንዷ ቅርብ ሰዎች የሆኑ አራት ሰዎች ግን በቫይረሱ ተያዙ። ስለ ማስክ ጥቅም ከዚህ የበለጠ ምስክር አላየሁም። «ማስክ አድርገን እንክፈት» የሚሉት ጓደኞቼ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት።

ግን ፀጉር መቆረጥና መታሸት አንድ አይደሉም። እዚያ ቀጠሮው በአብዛኛው ሩብ ሰዓት ነው፤ ቢረዝም 45 ደቂቃ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ማስኩም በቦታው ነው። እኔ ጋ ትንሹ 60 ደቂቃ ነው፤ ብዙዎቹ 90 ይፈልጋሉ። በሩ ይዘጋል። ደንበኛው በደረቱ ተኝቶ ፊቱን አልጋው ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። እዚያ ውስጥ ማስክ ቶሎ ይረጥባል፣ ያፍናል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሲገለበጥ ደግሞ አፉ ወደ እኔ ነው። እኔም ክብደቴን ጥዬ ስለምሠራ በረጅሙ ነው የምተነፍሰው። ይህን ሥራ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ለእኔ የቀረበው ምሳሌ ሌላ ነው። ማርች 10 ቀን በዋሽንግተን ግዛት፣ ማውንት ቬርነን ውስጥ አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመደ። 61 ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጉንፋን የሚመስል ምልክት ነበረው። በመጨረሻ እሱን ጨምሮ 53 ሰዎች እንደታመሙ ተቆጠረ፤ ሁለቱ ሞቱ። ዋናው ነገር የተዘጋ ቦታ፣ ረጅም ሰዓትና ከባድ ትንፋሽ ነው። ዘፈኑን ትተነው ሦስቱም የእኔ ክፍል ውስጥ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ወር አየር በማይዘዋወርበት የተዘጋ ቦታ ቫይረሱ በአየር ሊተላለፍ እንደሚችል ማስረጃ እየወጣ መሆኑን ተቀብሏል።

ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ለጤና ተቋማት ያወጣው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ክፍሉ ውስጥ አየሩ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ የሚቀየር ከሆነ፣ አየር ላይ ከሚንሳፈፈው ነገር 99 በመቶው እስኪወጣ 138 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ ወደ 46 ደቂቃ ይወርዳል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ በረኪናና ስለ ሳኒታይዘር ማሰብ ቀነስኩ። አንሶላውን በፈላ ውሃ አጥባለሁ፣ አልጋውን እወለውላለሁ፤ እሱን ድሮም አደርግ ነበር። አየሩን ግን በፎጣ አልወለውለውም። በደጉ ጊዜ በቀን አምስት ሰው እይዝ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 15 ደቂቃ ነበር። በዚህ ሒሳብ ሁለተኛው ደንበኛ የሚተነፍሰው የመጀመሪያውን ትንፋሽ ነው።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ነገርም አለ። «እኔ ይዞኝ ድኛለሁ፣ ምንም አልሆንም» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ሐኪሞች በዚህ በሽታ ብዙ ሰው ላይ የደም መርጋት እያዩ ነው። እግር ውስጥ የረጋ ደም ያለበትን ሰው ባቱን ጠበቅ አድርጌ ባሸው፣ የረጋው ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሰው ይገድላል። ባለፈው ወር አንድ ኡበር የሚነዳ ልጅ ደወለልኝ። ሁለት ሳምንት ታሞ ተነስቷል። «አንድ እግሬ ከበደኝ፤ መቀመጥ የበዛበት ይመስለኛል፣ እሺልኝ» አለ። አብጧል ወይ አልኩት። አዎ አለ። ይሞቃል ወይ? አዎ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ አልኩት። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ተሰጥቶት ተመለሰ። በዚያን ቀን ክፍሌ ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ወረፋም ቢኖርብኝ፣ ይህን ሁሉ እጠይቀው ነበር? እንጃ። ስለዚህ ስከፍት ኮሮና ይዞት የተነሳ ሰው ከሐኪሙ ወረቀት ሳያመጣ አልነካውም።

አሁን ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው የሚመጣው። ኮንግረስ በማርች መጨረሻ ያጸደቀው ሕግ እንደ እኔ ለራሱ ለሚሠራ ሰውም አንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም የሥራ አጥ ድጎማ፣ ሰጠ። በላዩ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረ። በሬን ዘግቼ እንድቆይ ያደረገኝ ጀግንነት አይደለም፤ ያ 600 ዶላር ነው። እሱም በዚህ ወር መጨረሻ ይቆማል። ኪራዬ አይቆምም። በሰው ስፓ ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቼ ደግሞ ከኤፕሪል ጀምሮ ጭንቅ ላይ ናቸው። አሠሪው ና ካለ በኋላ አልመጣም ያለ ሰው ድጎማው ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ ገቡ። ማንም እንዲፈርድባቸው አልፈልግም። ልጅ ይዞ ኪራይ ያልከፈለ ሰው ስለ አየር ዝውውር ሠንጠረዥ የሚያነብበት ፋታ የለውም። ገዢው ሰው ሥራ አጥቶ ተቸገረ ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ይህን አልክድም። ግን የተቸገረን ሰው ወደ ዝግ ክፍል መላክ መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው በሽታው እስኪወርድ ድጎማውን ማስቀጠል ነው። ኮንግረስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን ካላደረጉ በኦገስት ብዙ በሮች የሚከፈቱት ደህና ስለሆነ ሳይሆን ባዶ ስለሆንን ነው።

እኔ መቼ ነው የምከፍተው? በካውንቲዬ፣ በዲካልብ፣ አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር ሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ ሲወርድ። ከተመረመረው ሰው የሚገኝበት ከ5 በመቶ በታች ሲሆን፤ ይህን ልክ የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ ያወጣው ነው። አከራዬን መስኮት ያለውን የጥግ ክፍል ለምኜዋለሁ፤ «እናያለን» ብሏል። የአየር ማጣሪያ ገዝቻለሁ። በቀን ከሁለት ሰው በላይ አልይዝም። በደረት መተኛት ቀርቶ በጎን ይሆናል፤ ፊት አልነካም። መጀመሪያ የማስገባው ጤነኛና ወጣት የሆኑትን ነው። ይህ ይቆጨኛል፤ ከሁሉ በላይ እጄን የሚፈልጉት እነ እማማ ናቸውና።

የዛሬውን ቁጥር ስናይ ግን እየወጣ ነው እንጂ እየወረደ አይደለም። በዚህ መሐል ገዢው ከተሞች ማስክ እንዳያስገድዱ ከለከሉ፤ የአትላንታን ከንቲባም ከሰሱ። ያ ክስ ለእኔ ፖለቲካ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ያለ ማስክ የሚዞር ሰው በበዛ ቁጥር የእኔ በር የሚከፈትበት ቀን ይርቃል።

እስከዚያው እሑድ እሑድ ከእማማ ጋር በቪዲዮ እንገናኛለን። ሁለት የቴኒስ ኳስ ካልሲ ውስጥ አስገብተው፣ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ «ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እያልኳቸው ትከሻቸውን ያሻሉ። «ያንቺን እጅ አያህልም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አያህልም። ኦገስት 15 ቀን የካውንቲውን ቁጥር እንደገና እንደማይ ነግሬያቸዋለሁ። ቀኑን ካላንደራቸው ላይ አክብበውታል።