በፓይተን የተጀመሩ ታስኮችንና ውጤታቸውን ስለ መያዝ

ስለ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ሥራዎችን ጎን ለጎን ለማስኬድ «ክሪኤት ታስክ»ን (አንድን ሥራ «ታስክ» አድርጎ የሚያስጀምረውን ትእዛዝ) መጥራት ብቻ እንደሚበቃ መግለጻቸው ለጀማሪ ቢያቀልም፣ አንድ ከባድ ጉዳይ አልፈዋል። አሲንክ አይኦ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ታስኮችን በየተራ የሚያስኬድበት ኢቨንት ሉፕ እነርሱን የሚይዘው በደካማ ማጣቀሻ (ከሜሞሪ እንዳይጠረጉ በማይከላከል ማጣቀሻ) ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራመሩ የተመለሰለትን ታስክ በተለዋዋጭ ወይም በስብስብ ውስጥ ካላስቀመጠው፣ ሥራው ሳያልቅ ከሜሞሪ ሊጠረግ ይችላል። እኔ በሠራሁት የመልእክት መላኪያ ፕሮግራም አንዳንድ መልእክቶች ያለ ምንም የስሕተት ምልክት ይጠፉ ነበር፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ብዙ ታስኮችን አንድ ላይ አስኪዶ ውጤታቸውን ስለሚሰበስበው «ጋዘር»፣ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይሰርዛል ተብሎ የተጻፈውም መታረም አለበት። በተለመደው አሠራሩ አንዱ ታስክ ሲወድቅ ስሕተቱ ወዲያውኑ ለሚጠብቀው ኮድ ይደርሳል እንጂ ሌሎቹ አይሰረዙም፤ መሮጣቸውን ይቀጥላሉ፣ ውጤታቸውን ግን የሚቀበል ላይኖር ይችላል። ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ላይ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ፓይተን 3.11 የተጨመረው «ታስክ ግሩፕ» በአንጻሩ አንዱ ሲወድቅ የቀሩትን ይሰርዛል፣ ሁሉም እስኪያበቁ ይጠብቃል፣ ስሕተቶቹንም ሰብስቦ በአንድነት ያቀርባል። ስለዚህ ለአዲስ ፕሮግራም እርሱን እመርጣለሁ፤ የተሳካው ውጤት ብቻውን የሚጠቅም ከሆነ ግን ጋዘርን «ሪተርን ኤክሴፕሽንስ» ከሚለው (ስሕተቶችን ከውጤቶቹ ጋር አብሮ ከሚመልሰው) ምርጫ ጋር መጠቀም ተገቢ ነው።