ዩኒቨርሲቲ የማንን ደጅ ይጠናል?

ክርክሩን የጀመሩት በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ወዳጃችን ናቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ላይ የአመልካችን ዘር ከግምት ማስገባትን ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎቻቸውን የዘር ስብጥር ለመጠበቅ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ፈልገው እንዲያመጡ የሚመክሩ በዝተዋል። እሳቸው ይሄ አልተዋጠላቸውም።

"ጎበዝ ከሆነ ራሱ ያመልክት። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተማሪ ደጅ ይጠናል እንዴ?"

"ጋሼ፣ ልጁ እኮ ዋጋውን አይቶ ነው የሚሸሸው" አለች አንዷ። ሥራዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማማከር ነው። "ድረ ገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሙሉ ክፍያው ነው። ለእሱ ስንት እንደሚቀነስለት በእርግጠኝነት የሚያውቀው አመልክቶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ካለፈ በኋላ ነው። ቤተሰቦቹ ቁጥሩን ሲያዩ 'ይቅርብህ' ይሉታል። በቃ፣ እዚያው ያበቃል።"

ከዚያ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ነገር አነሳች። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤታቸው ጥሩ ለሆነ የግዛቱ ድሃ ተማሪዎች ቤታቸው ድረስ ፖስታ ላከ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ካለፍክ፣ የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያህ ነፃ ነው። ፖስታው ከደረሳቸው 68 በመቶው አመለከቱ፤ ካልደረሳቸው 26 በመቶው ብቻ። ገብተው የተማሩትም ፖስታው ከደረሳቸው 27 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 12 በመቶ ናቸው። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ያለ ፖስታውም ያንኑ ያህል እርዳታ ያገኙ ነበር። ይህን የነገራቸው ግን አልነበረም።

ጋሼ አልተረቱም። "ታዲያ ስብጥሩ ተስተካከለ? እዚያው ሚሺጋን፣ የግዛቱ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2006 በቅበላ ዘርን ማየት በድምፁ ከከለከለ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ7 በመቶ ወደ 4 ወርዷል። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲያ ነው።"

እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ድህነት ዘር አይመርጥም፤ ድሃውን መመልመል ብቻውን የዘር ስብጥርን አይመልስም። የደጅ ጥናቱ ነገር ላይ ግን ተሳስተዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ድሮም ደጅ ይጠናሉ። ከሌላ ግዛት የሚመጣ ተማሪ ከግዛቱ ልጅ እጅግ የበለጠ ስለሚከፍል፣ መልማዮች የሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤቶችን ሲያዘወትሩ ኖረዋል። ለሀብታሙ ልጅ ሲሆን ማንም ልመና አላለውም። በግብር ከፋይ ገንዘብ የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ መልማዮቹ በየዓመቱ የትኞቹን ትምህርት ቤቶች እንደጎበኙ ለሕዝብ ያሳውቅ። የሚሺጋኑ ዓይነት ፖስታም ልጁ ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት ቤቱ ይድረስ።